መምህር፣ እዚህ ከደረሱ

ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ጥድፌ በግራ እጇ ትገልጣለች፣ በቀኟ ትፈርማለች። ገጾቹ ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚያሰሙት ድምፅ የሚያንቀላፋ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። በየገጹ ግርጌ "አንብቤዋለሁ" የሚል ማኅተም ተመቷል፤ ከማኅተሙ ቀጥሎ የፊርማ መስመር አለ። ፊርማዋ ጠዋት ላይ ሙሉ ነበር። እያጠረ እያጠረ መጥቶ አሁን አንድ ጭረትና አንድ ነጥብ ሆኗል።

አንብባዋለች? የት አንብባው! ስድሳ አንድ ገጽ የመዝገበ ቃላት እርማት በአንድ ቀን የሚነበብ አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ መልእክተኛውን ለአሥር ሰዓት እልካለሁ ብሏል። ደግሞስ ጽሑፉን የጻፈችው ራሷ ናት። የገዛ ጽሑፍን መልሶ ማንበብ የታኘከውን ማኘክ ነው ባይ ናት። ጥድፌ የሚለውን ስም ያወጡላት የቢሮው ሰዎች ናቸው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስለምትወጣ፣ ሰው ወሬ ሲጀምርላትም መጨረሻውን ቀድማ ስለምትናገርለት።

ውጭ ከማለዳ ጀምሮ ካፊያ ነው። መስኮቱ አልቦት ከተማው በዘይት ወረቀት ውስጥ እንደሚታይ ሥዕል ደብዝዟል። መኪኖቹ ድምፅ የላቸውም፤ ሰዎቹ ጃንጥላ ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ቀን ፊደሎች ከወረቀቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ለማንበብም ለመተኛትም ያው ነው። አርባ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። ጭረት፣ ነጥብ።

ስድሳ አንደኛው ላይ ደርሳ ብዕሯን ስትከድን ገጾቹን በኮምፒውተር የምታሰናዳው ሴትዮ አንድ ወረቀት እያውለበለበች ገባች። እሷንም የቢሮው ሰው እትዬ ኅዳግ ይላታል። ባሏ እንኳ አልጋው ላይ ከኅዳጉ ካለፈ አታስተኛውም ይባላል።

"ጥድፌ፣ አርባ ሁለት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መስመሬን አልፎብኛል።"

"እለፊው።"

"እኔ ልለፈው ብል እሱ መቼ ይለቀኛል! ሁለት ሦስት ቃል ቀንሺልኝ። አለበለዚያ አንዷ መስመር ወደሚቀጥለው ገጽ ትወርድና እስከ ስድሳ አንድ ድረስ ሁሉም ነገር ቁልቁል ነው።"

"ፈርሜበታለሁ እኮ።"

"አይቻለሁ" አለች እትዬ ኅዳግ ወረቀቱን ፊቷ ላይ እያስቀመጠች። "ጭረትና ነጥብ፤ ሁለት ታማኝ ምስክር።"

ቃሉ የእንግሊዝኛው ሼምፉሊ ነበር። ከሥሩ የአማርኛ አቻዎቹ ቆመዋል፤ በሚያሳፍር ሁኔታ፣ በነውር፣ በውርደት፣ በቅሌት፣ አንገት በሚያስደፋ አኳኋን። ያሰለፈቻቸው ራሷ ጥድፌ ናት። ነውር ከሥራው ጋር ይሄዳል ብላ ጽፋለች፤ ውርደት ሌላ ሰው የሚያለብሰን ነው፤ ቅሌት ተመልካች ይፈልጋል፤ ሀፍረት ግን ተመልካቹ ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላም ቁጭ ይላል። ይህን ከሁለት ወር በፊት በአንድ ከሰዓት ጨርሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጥታለች። ምሳሌውን ከካርድ የገለበጠችው ጸሐፊዋ ነበረች፤ ጥድፌ ዛሬ ገና ማየቷ ነው።

"የእንግሊዝኛ መምህሩ የሰባ ሦስት ተማሪዎችን ፈተና ሳያነብ አርሞ በመገኘቱ በሚያሳፍር ሁኔታ ከትምህርት ቤታችን ተሰናብቷል።"

"'የሰባ ሦስት'ን አውጪው" አለች ጥድፌ።

"ያለ ካርዱ? ጋሼ ካርድ ከሰማ እኔንም አንቺንም ያወጣናል።"

እውነቷን ነው። ዋና አዘጋጁ ጋሼ ካርድ የተባሉት የደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ባዶ ካርዶች ስለሚይዙ ነው። በሳቸው ቤት ምሳሌ አይፈጠርም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሰው አፍ የወጣ፣ በጆሮ የተሰማ መሆን አለበት፤ ሲሰማ ካርድ ላይ ይሰፍራል፣ በጀርባው ማን እንደተናገረው፣ የትና መቼ እንደሆነ ይጻፋል። ሰውን ጠይቆ ማናገርም ክልክል ነው። "የተጠየቀ ሰው ይሰብካል እንጂ አይናገርም" ይላሉ። አንድ ቃል ለመቀነስ እንኳ ካርዱ ከመሳቢያው ወጥቶ ጀርባና ፊቱ መታየት አለበት።

ጥድፌ እያጉረመረመች ወደ ካርድ ክፍሉ ሄደች። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሰማ ድምፅ ጎን ለጎን ተኝቷል። ሁሌም እዚህ ስትገባ ሰዎች የሚያንሾካሹኩ ይመስላታል፤ ሁሌም "የአየር ማስገቢያው ነው" ትላለች ለራሷ። ካርዱን አገኘችው። የጋሼ ካርድ ጽሕፈት ነው፤ ደቃቃ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ። ገለበጠችው።

"ተናጋሪ፦ ርእሰ መምህሩ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ከተናገሩ በኋላ ራሳቸው ተርጉመውታል። ቦታ፦ ከወንዙ ማዶ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የጠዋት ሰልፍ።" ከዚያ ቀኑ።

ዓመቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናቷ የሞተችበት ዓመት ነው። ጥድፌ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ሆስፒታል ስትገባ ሌላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ልከዋት ነበር። ስትመለስ እናቷ የለችም፤ አባቷም ማስተማሩን ትቷል። "ደከመኝ፤ ተውኩት" አላት፤ ወሬውም በዚያው አለቀ። ከወንዙ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ደግሞ ለከፍተኛ ክፍሎቹ የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ብቻ ነበር። እሱም ዛሬ ጠዋት "ጃንጥላሽን፣ እናቴ" ብሎ በር ድረስ የሸኛት ሰው ነው።

መሳቢያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም ያሉ መሰላት፤ የአየር ማስገቢያውን ጨምሮ።

ጋሼ ካርድ ክፍላቸው ውስጥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን እየፈለጉ ነበር።

"ግንባርዎ ላይ ነው" አለቻቸው።

"ተባረኪ።" መነጽሩን አውርደው አዩዋት፤ ቀጥለው ካርዱን አዩ፤ ለማንበብ ግን አላነሱትም። ከሩቅ ነው ያወቁት። "ደረስሽበት።"

"እርስዎ እዚያ ምን ያደርጉ ነበር?"

"አማርኛ አስተምር ነበር። መምህራኑ ሁሉ በሰልፉ ፊት ለፊት እንቆማለን። አባትሽ ከኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር።"

"እሱ ቆሞ እየሰማ?"

"ቆሞ እየሰማ።"

"እርስዎስ ዝም አሉ?"

አዛውንቱ የደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "ዝም ብል ጥሩ ነበር። እጄ ኪሴ ገባ። ሰውየው እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም በአንድ ትንፋሽ ሲናገር... እንዲህ ያለ ምሳሌ በዓመት አንድ ጊዜ አይገኝም። ካርድ አወጣሁና ጻፍኩ። ቀና ስል አባትሽ ያያል፤ ርእሰ መምህሩን አይደለም። እኔን።"

ጥድፌ ብዙ ነገር ልትል አስባ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ሥራውን የሰጡኝ ለዚህ ነው?"

"ሥራውን የሰጠሁሽ ፈተናውን አንደኛ ስለወጣሽ ነው። ለፈተናው የጠራሁሽ ግን ለዚህ ነው።"

ቢዋሿት ይሻላት ነበር። ወንበሩን ስባ ሳትቀመጥበት መልሳ ገፋችው።

"ይህ ዓረፍተ ነገር አይታተምም።"

"ስም የለውም፣ ልጄ። ማን ያውቀዋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ። እሱ ያውቀዋል። እሱ ደግሞ መጽሐፉን ከሽፋኑ እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነው የሚያነበው፤ ያውቁታል። ለዚህ ቃል ሌላ ካርድ የለንም?"

"አንድ እሱ ብቻ ነው። ሰው እንዲህ አርዝሞ አይናገርም። 'ሼም ነው' ይላል፣ 'ነውር ነው' ይላል፣ ያልፋል።"

"እንግዲያው አንድ እፈጥራለሁ።"

"በዚህ ቤት?" ድምፃቸው አልጨመረም፤ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። "አሥር ሰዓት ሳይሞላ የሰማሽውን ይዘሽ ነይ፤ ይቀየራል። ካልሆነ በዚሁ ይሄዳል። ያለ ምሳሌ የሚወጣ ቃል የለኝም።"

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ አልቦት ነበር፤ ተሳፋሪው በደመና ውስጥ ተቀምጦ የሚሄድ ይመስላል። ጥድፌ ጆሮዋን ከፍታ ቆመች። በሕይወቷ የሰውን ወሬ እስከ መጨረሻው ለመስማት ስትሞክር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከፊቷ አንዲት ወጣት ስልኳ ላይ "ሼም የለህም ግን? እውነቴን ነው፣ ሼም የለህም" ትላለች፤ ማዶ ያለው ሰው ይስቅ ይሆናል፣ እሷም መጨረሻው ላይ ሳቀች። ከኋላ የአንድ ሽማግሌ ፌስታል ተቀደደና ሽንኩርቱ ወለሉን ሞላው። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሽንኩርቱ ሁሉ አብሮ ታጠፈ፤ ሲቆም ወደፊት ተንከባለለ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። "ኧረ ተዉት፣ ነውር ነው፣ እኔ እለቅመዋለሁ" ይላሉ ሽማግሌው። "አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ይቺ አንዷ ልትወርድ ነው መሰለኝ፣ ሹፌር በር እንዳትከፍት!" አለ አንዱ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ጥድፌ ጫማዋ ሥር የቆመችውን ሽንኩርት አንስታ ሰጠቻቸው። ሼም፣ ነውር። የምትፈልገውን ማንም አላለላትም፤ የሚላትም አልነበረም።

ለምን ወደ ቤት እንደምትሄድ አታውቅም። ምሳሌ ፍለጋ ነው ብላ ነበር የወጣችው፤ እግሯ ግን ሌላ አድራሻ ይዟል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ለስለስ ያለ፣ እንደ ካፊያው የማይቸኩልና የማያባራ።

"'...ከመቶ ሰዎች በአንዱ ላይ የቁርጭምጭሚት ማበጥ...'"

"እኔ ነኝ አንዷ!" ይላል የጎረቤታቸው ድምፅ።

"'...ከሺህ ሰዎች በአንዱ ላይ የጣዕም መለወጥ...'"

"እሱም እኔ ነኝ። መምህር፣ መቼ እንደምውጠው ብቻ ይንገሩኝ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።"

"ገና ነን፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያለነው።"

የደም ግፊት መድኃኒት መግለጫ ነው። ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚያውቀው፤ የኪራይ ውል ሲመጣ፣ የመብራት ቤት ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ የመድኃኒት ካርቶን ሲከፈት ወደ መምህር ይወሰዳል፤ መምህር ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነባል። አያሳጥርም። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳያነብ አይጥልም። ጥድፌ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ተናድዳለች። ሱቅ ፊት ለፊት አቁሟት የብስኩት ካርቶን ሲያነብ፣ "አባዬ፣ በልጅነትህ ምን አስነክተውህ ነው?" ብላው ታውቃለች። ዛሬ ደጃፉ ላይ ቆማ መግለጫውን እስኪጨርስ ጠበቀች።

"ከምግብ በኋላ፣ አንድ ፍሬ፣ ጠዋት" አለ በመጨረሻ።

"እሷን ብቻ ነበር እኮ የፈለግኳት! ይኑሩልኝ።" ጎረቤቲቱ ስትወጣ ጥድፌን አየቻት። "አንቺ ደግሞ በሥራ ሰዓት? አሞሽ ነው? ካመመሽ መድኃኒቱን ለሱ እንዳታሳዪ፣ ሳትውጪው ትድኛለሽ።"

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ አባቷ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ዞር አደረገላት። "ምነው እናቴ? ተጣላሽ?"

ካርዱን ሰጠችው። አባቷ መነጽሩን ጠርጎ፣ ፊቱን አነበበ፤ ገልብጦ ጀርባውን አነበበ፤ እንደገና ወደ ፊቱ ተመለሰ።

"ጽሕፈቱ ያው ነው፤ ያምራል" አለ።

"አባዬ!"

"አጠራሩን ተሳስቶት ነበር፣ ታውቂያለሽ? ርእሰ መምህሩ። 'ሻምፉሊ' ነው ያለው። ያ ሁሉ ልጅ ፊት ለፊቴ ተሰልፎ፣ እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምለምን ሰውዬ፣ ልቤ ግን 'ሼም ነው፣ ሼም በል' ይለዋል። ላርመው ስል አፌን ያዝኩ።" ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ሳል ተቋረጠ። "ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም። ሰባ ሦስት አይደለም። ሰባ ሁለት ነው። አንዱን አንብቤዋለሁ።"

"እውነት ነው ማለት ነው?"

"ከአንዱ በቀር እውነት ነው።"

ተቀመጠች። ካፊያው መስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ጥላው በአባቷ ፊት ላይ ይወርዳል። ፊቱ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ድምፁም ከዚያ የሚመጣ።

"የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነበር፤ ድርሰት። ወረቀቶቹን ይዤ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እናትሽ አጠገብ ነኝ። 'አንብብልኝ' አለችኝ። 'የልጆች ድርሰት ነው፣ ስሕተት ብቻ ነው' አልኳት። 'ስሕተቱን አንብብልኝ' አለችኝ። የመጀመሪያውን አነበብኩላት። አንድ ልጅ ስለጠፋች ላሙ የጻፈው ነው። ላሟ ሦስት ጊዜ ጠፍታ አራት ጊዜ ትገኛለች። እናትሽ ሳቀች፤ ስትስቅ እንቅልፍ ወሰዳት። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዋ እንቅልፍ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ስገልጥ..." እጁን አንስቶ የማይታይ ገጽ ገለጠ፣ "...ነቃች። ወረቀት ስትገልጪ ድምፅ አለው፣ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ነቃችና ሕመሙም አብሯት ነቃ። መልሳ እስክትተኛ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ አልገለጥኩም። የላይኛው ገጽ ላይ ብቻ ቁጥር እየጻፍኩ ወደ ጎን አስቀምጥ ነበር። ሰባ፣ ስድሳ ስምንት፣ ሰባ ሁለት። እንዳይመሳሰል እንኳ አስቤበታለሁ።"

"በምን ታወቀ?"

"አንዱ ጎበዝ ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ጽፎልኛል። 'መምህር፣ እዚህ ከደረሱ ሻይ እጋብዝዎታለሁ።' ሰባ አንድ ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱ ሲመለስለት ለክፍሉ አሳየ፤ ክፍሉ ለትምህርት ቤቱ አሳየ።" ካርዱን ገለበጠና "ሻዩን አልጠየቅኩትም" አለ።

ጥድፌ መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም ስለማትወድ ተቆጣች። "ለርእሰ መምህሩ ለምን አልነገርከውም? የእማዬን ነገር?"

"ምክንያት ይመስላላ። እሷን ምክንያት ላድርጋት?"

"ለኔስ? አሥራ አንድ ዓመት!"

"ጠይቀሽኝ ነበር። በተመለስሽ በሳምንቱ፣ ሻንጣሽን እየፈታሽ፤ 'አባዬ፣ ለምን ተውክ፣ ባጭሩ ንገረኝ' አልሽ።" ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ። "ባጭሩ ደግሞ ደክሞኝ ነበር።"

ይህን ታስታውሳለች። ሻንጣውን ታስታውሳለች፣ ዚፑ አልከፈት ብሎ ስትታገለው። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር፣ ከዚያ በሩ ላይ እንዳልነበረ። ምናልባት ረጅሙን ሊነግራት ነበር የመጣው። ዚፑ ሲከፈት ሄዷል።

"ይሄ አይታተምም፣ አባዬ። ሌላ ምሳሌ ካገኘሁ ይቀየራል።"

"ለምን ይቀየራል? ቁጥሩ ከተስተካከለ..."

"አዋርደውሃል!"

"እሱማ አዋርደውኛል" አለ አባቷ፤ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። ከሷ ጋር የሚያወራ አይመስልም። "ግን እኮ የተሰለፉት እነሱም ነበሩ። የክፍሌ ልጆች። ምን ጽፈው እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ሳስበው የሰልፉ ነገር አይደለም የሚመጣብኝ። ሰባ ሁለት ልጆችን፣ በሚያሳፍር ሁኔታ፣ ሳላነባቸው አሳለፍኳቸው።"

የጥድፌ እጅ ኪሷ ገባ። ከቢሮ ስትወጣ ሳታስበው የከተተችው ባዶ ካርድ ጣቷን ነካት። ደነገጠች፤ እጇን እሳት የነካው ያህል አወጣችው። አባቷ ግን አይቷል። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰልፍ ላይ፣ ይህችኑ የእጅ አካሄድ አይቷታል።

"ጻፊው" አለ።

"አባዬ፣ እኔ እንደዛ..."

"ጻፊው ነው የምልሽ። ያኛው ስለኔ የተባለ ነው። ይሄ እኔ ያልኩት ነው።" ብዕሩን መስኮቱ ደፍ ላይ ከተቀመጠ መጽሐፍ መሐል አውጥቶ አቀበላት። "ሳታሳጥሪ። ተናጋሪ፣ ቦታ፣ ቀን። ሰባ ሁለት በይ።"

ጻፈችው። ጀርባው ላይ ስትደርስ "ተናጋሪ" ከሚለው ቀጥሎ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ "አባቴ" ብላ ጻፈች። አባቷ ካርዱን ተቀብሎ ፊቱንም ጀርባውንም አነበበ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር ቢሮ ስትደርስ። ደረጃውን አንድ አንድ እያለች ወጣች፤ እትዬ ኅዳግ ከላይ ሆና በመገረም አየቻት። "ምን ሆነሽ ነው? ደረጃው እኮ በሁለት የሚከፈል መስሎኝ ነበር።"

ጋሼ ካርድ አዲሱን ካርድ ተቀበሉ። ፊቱን ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲገለብጡት ቆመ። ብዙ ጊዜ የወሰደባቸው መሰላት፤ ካርዱ ላይ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

"ጠይቀሽው ነው?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ቁጥሩ..."

"እሱ ነው ያረመው። አንዱን አንብቦታል።"

አዛውንቱ አሮጌውን ካርድ ከእጇ ወስደው አዲሱን በላዩ አደረጉ፤ ሁለቱን በመርፌ ቁልፍ አያያዙና ለእትዬ ኅዳግ ሰጧት። "ይሄኛው ይግባ" አሉ። ቀጥለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ያሉትን ባዶ ካርዶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው። ኪሳቸው ሲቀል ሸሚዛቸው ትንሽ ወደ ኋላ የተሳበ መሰለ።

እትዬ ኅዳግ በዓይኗ ለካች። "ከመስመሬ አያልፍም፤ እንዲያውም ቦታ ይተርፋል። በይ ጥድፌ፣ አርባ ሁለትን መልሼ አትምልሻለሁ፣ ጭረትሽንና ነጥብሽን አድርጊበት። መልእክተኛው ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ታች ዝናብ እየጠጣ ነው።"

ገጹ መጣ፤ ገና ይሞቃል። ጥድፌ ብዕሯን ከፈተች። "አንብቤዋለሁ" ከሚለው ማኅተም ጎን ያለው መስመር ባዶ ነው። በስተቀኝ ስድሳው ገጽ ተደርድሯል፤ የላይኛው ላይ የቅድሙ ጭረት ይታያል። ጎበዝ ፊርማ ነው፤ ስድሳውም አይመሳሰልም። አንዳንዱ ረዘም፣ አንዳንዱ አጠር ያለ፣ እውነተኛ ይመስላል። ሰባ፣ ስድሳ ስምንት፣ ሰባ ሁለት።

እሷ ግን ማንም አጠገቧ አልተኛም ነበር። ወረቀት ሲገለጥ የሚነቃ ሰው አልነበረም።

ክምሩን ስባ ወደ ግራዋ መለሰችው። የመጀመሪያውን ገጽ ፊርማ በአንድ ሰረዝ ሰረዘችው፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች እትዬ ኅዳግ።

"ዛሬ አይሄድም። ንገሪውና ይሂድ።"

"ጥድፌ፣ አብደሻል? ጋሼ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሏት!"

ጋሼ ካርድ ወንበር ስበው፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ለማዳመጥ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጡ። ታች ሞተር ሳይክሉ ተነስቶ በካፊያው ውስጥ ራቀ። ጥድፌ የመጀመሪያውን ገጽ ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ ከላይኛው ጥግ ካለው ቁጥር ጀምራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። አንደኛው ቃል፣ ትርጉሙ፣ ምሳሌው። ሁለተኛው ቃል። አራተኛው ላይ አንድ ፊደል ተገድፎ አገኘችና አረመች።

"እስከ ስንት ሰዓት ልትቀመጪ ነው? ስንት ገጽ ቀረሽ?" አለች እትዬ ኅዳግ በሩ ላይ ኮቷን እየለበሰች።

ጥድፌ ጣቷን ካቆመችበት መስመር ላይ ሳታነሳ ቀና አለች።

"ሁሉም" አለች።